እንድምል የተጠራሁበት እሑድ

ስልኩ የጮኸው ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ስታፍ ገብቼ ጠመኔ ከእጄ ላይ ሳራግፍ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ ሰው ካልሞተ ወይም ካልታመመ በቀር በሥራ ሰዓት አይደውልልኝም፤ ስለዚህ ገና ድምፁን ሳልሰማ ማን ሞተ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። የሞተ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እንደዋሉ፣ ነገሩ በመሐላ እንዲያልቅ እንደወሰኑ፣ የምምለውም እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። የፊታችን እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም።

«ለምን እኔ?» አልኩት።

«ሴትዮዋ ናት ራሷ የጠራችሽ። እሷ ከማለች ትቼዋለሁ አለች። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። በቃ፣ አለቀ። ደስ ይበልሽ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው የእንግሊዝኛ መምህርት መርዶ የመጣብኝ መስሏት ውኃ አቀበለችኝ። ጠጣሁና አራተኛው ክፍለ ጊዜ ገባሁ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን ዛሬም አላውቅም።

ነገሩ የመሬት ነው። የተወለድኩበት መንደር ከሉማሜ ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አባቴ ከሚያርሳቸው ማሳዎች አንዱ፣ ከአስፋልቱ አጠገብ ያለው አንድ ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር የሚሆን ጥቁር አፈር፣ የእኛ አልነበረም። የጎረቤታችን ነበር፤ እኛ ልጆቹ ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው ሴት። መሬት እየተለካ የይዞታ ደብተር የሚሰጥበት ጊዜ ሲመጣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እትዬ በዚያው ወር ባላቸው ታመውባቸው ጠበል ለጠበል ይዘዋቸው ሊዞሩ ተነሥተዋል። ከመሄዳቸው በፊት ቤታችን መጡና፣ ለካዎቹ ሲመጡ ማሳው ባለቤት የለውም ተብሎ እንዳይወሰድባቸው አባቴ በራሱ ስም እንዲያስመዘግብላቸው ለመኑት። ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። አባቴ እሺ አለ። «የእግዜር አደራ ነው። ስትመለሽ መሬትሽ መሬትሽ ነው» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባላቸው ከጠበል አልተመለሱም። እትዬ ብቻቸውን መጡ። የሚያርስላቸው ሰው ስላልነበረ አባቴ ማሳውን እያረሰ የምርቱን እኩሌታ በየዓመቱ ቤታቸው ያስገባላቸው ነበር። ደብተሩን ወደ ስማቸው ለማዞር ዛሬ ነገ ሲባል አባቴ ሞተ። ከእሱ በኋላ ሁለቱ ወንድሞቼ ለጥቂት ዓመት ድርሻቸውን ሰጧቸው። ከዚያ ማሳነስ ጀመሩ። ከዚያ ተዉት። እትዬ ሲጠይቁ፣ በፊት የሚሰጣቸው አባታችን አዝኖላቸው እንጂ መሬቱ የእኛ እንደሆነ፣ ደብተሩም በአባታችን ስም እንደሆነ ተነገራቸው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም ዝም ብዬ ነበር። ደብረ ማርቆስ እያስተማርኩ፣ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ብቻ ብቅ የምል ሰው ስለሆንኩ ነገሩ የማይመለከተኝ አስመሰልኩት። በኋላ ከተማው እየሰፋ መጣና ማሳው በከተማው ፕላን ሊገባ ነው፣ ለባለይዞታው ምትክ ቦታ ይሰጣል የሚል ወሬ ተሰማ። ያን ጊዜ እትዬ ሽማግሌ ላኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ወንድሞቼ ለእኔም ከዚያው የቤት መሥሪያ እንደሚያካፍሉኝ ነገሩኝ።

ስለ ቤት ካልተናገርኩ የዚያን ሳምንት ፍርሃቴን ማንም አይረዳውም። ከልጄ ጋር በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት አራት ጊዜ ዕቃዬን ጋሪ ላይ ጭኛለሁ። ውኃው በተራ ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ አከራይዋ በር ላይ ወጥተው ያያሉ። ልጄ ጮክ ብላ ስትስቅ ግድግዳው ይንኳኳል፤ ልጄም አፏን በእጇ ይዛ መሳቅ ለመደች። ስለዚህ በሒሳብ ደብተር ወረቀት ላይ ቤት ነደፍኩ። ሁለት መኝታ፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ፣ ኩሽናው ከውስጥ። ፈተና በምቆጣጠርበት ሰዓት እንኳ አውጥቼ በር እጨምርበታለሁ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ፣ ካህኑ ልባችንን ወደ ላይ እንድናነሣ ሲያውጁ፣ የእኔ ልብ የኩሽና መደርደሪያ ሲለካ ያዝኩት። ያን ዕለት ፈገግ ብዬ አልፌው ነበር።

ስልኩ ከተደወለ በኋላ ግን ፈገግታ አልመጣልኝም። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለ ዘር ውርስና ስለ ጀርም በየቀኑ አስተምራለሁ። በመንደራችን በሐሰት የማለ ሰው ቤቱ እንደማይቆም፣ ልጆቹ እንደማይበረክቱ ሲነገር ነው ያደግኩት፤ ይህንም ከተማርኩ ወዲህ የተውኩት ይመስለኝ ነበር። አልተውኩትም። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ።

ሰኞ ተደውሎልኝ ማክሰኞ ልጄ በትኩሳት ተኛች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደሟ ታየ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጣት። በክፍሏ ሌሎች አራት ልጆችም እንደታመሙ ሰማሁ። ይህ ሁሉ የሚያረጋጋ ነገር ነበር፤ እኔን ግን አላረጋጋኝም። እጄን ግንባሯ ላይ ሳሳርፍ እጄ ራሱ ያስፈራኝ ነበር፤ እሑድ ወንጌሉ ላይ የማሳርፈው ይኸው እጅ ነው። አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ አልምልም አልኩ። ልጄን ማርልኝ፣ ቤቱ ይቅርብኝ አልኩ።

ሐሙስ ትኩሳቱ ለቀቃት። ተነሥታ ሾርባ ጠጣች። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ዕቃውን አጥቤ ሳልጨርስ ስለ ቤቱ ማሰብ ጀምሬ ነበር። እንዲያውም መንገድ አገኘሁ። ዋሽቼ መማል የለብኝም። «አባቴ ይህን መሬት በራሱ ስም እንዳስመዘገበ፣ እስኪሞትም እንዳረሰው አውቃለሁ» ብዬ ብምል ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነ አንድ ቃል የለም። ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት ሌላ፣ እኔ የምለው ሌላ። ደጋግሜ አጠናሁት፤ ቃላቱን እያሳመርኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ የሄድኩት ምክር ፈልጌ አልነበረም። ያችን ዓረፍተ ነገር እንዲያጸድቁልኝ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ከመድከሙ በፊት ብዙ ዘመን ቅኔ አስተምረዋል። እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለች ጎጇቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ነገሩን ከአባቴ ቃል ጀምሬ እስከ ልጄ ትኩሳት ነገርኳቸው። በመጨረሻ ያጠናሁትን አልኩላቸው። እንደገና በይው አሉኝ። አልኩት።

«ጥሩ ቅኔ ነው» አሉ። «ለማን ነው የምትቀኚው? ለሽማግሌዎቹ ነው ወይስ ለእግዚአብሔር?»

እንዲቆጡኝ፣ ስለ ሲኦል እንዲነግሩኝ እየጠበቅኩ ነበር፤ ቢያስፈራሩኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። እሳቸው ግን ልጄ ባትታመም ኖሮ እመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ስለነገርኳቸው ደስ ያላቸው መሰሉ።

«ቤት መፈለግ ኃጢአት አይደለም፣ ልጄ። ግን ቤቱን ካስቀደምሽ እሱ ውጭ ይቀራል፣ አንቺ ደግሞ ከውስጥ ቆልፈሽ ስትፈሪው ትኖሪያለሽ። ልጅሽ ባሳላት ቁጥር መጣብኝ ትያለሽ። እንዲህ ሆኖ ምን ቤት ነው?»

«አባቴ፣ አሁንም እኮ እየፈራሁ ነው» አልኳቸው።

«ፍሪ። ፈርተሽም ቢሆን እሱን አስቀድሚ። የቀረውን ቀስ ብሎ ያስተምርሻል።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ቀለል ያለኝ አልነበረም። እንዲያውም እስከዚያች ሰዓት የነበረችኝን ማምለጫ ወስደውብኝ ነበር።

ቅዳሜ ልጄን ለእንግሊዝኛዋ መምህርት አደራ ሰጥቼ ወደ ሉማሜ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሰሞኑን በጸጥታው ችግር መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋ ነበር። ሌላ ጊዜ ሰው ሁሉ ክፍት እንዲሆን ይጸልያል፤ እኔ ዘግተው ቢመልሱን ብዬ ተመኘሁ። በየፍተሻው ስንቆም ተስፋ አደርጋለሁ፣ ስንታለፍ ቀጣዩን ፍተሻ እጠብቃለሁ። ማንም አልመለሰንም።

ታላቅ ወንድሜ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ወደ ማሳው ወሰደኝ። ስንዴው ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል። ከአስፋልቱ ጎን አራት ድንጋይ ተተክሎ አየሁ። ከዚህ እስከዚህ ያንቺ ነው አለኝ። በድንጋዮቹ መሐል አስገብቶ አቆመኝ። መኝታ ቤቱ የት እንደሚውል፣ ፀሐይ በየት እንደምትገባ ወዲያው ታየኝ፤ ከወረቀቱ በላይ አምሮ ታየኝ። እግሬ እዚያ አፈር ላይ እንዳለ እያወቅኩ ማንሣት አቃተኝ።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ሞፈር የጨበጠው አባታችን ወገቡን ታሞ ስለነበር ነው፤ እኔ እንድማር። ኮሌጅ ስገባ ያለውን አንድ ጋቢ ለብሼ ነው የሄድኩት። አምስት ልጆች አሉት፤ ለእነሱ የሚደርሳቸው መሬት የለም። ይህን አልዘረዘረልኝም፤ እሱ የሰጠውን የሚቆጥር ሰው አይደለም። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦

«በሕይወቴ አንድ ነገር ለምኜሽ አላውቅም።»

እውነት ነው። እውነቱን እዚያው ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳይ ፈራሁት። የሚመታኝ ወይም የሚቆጣኝ ሆኖ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ያለውን ተስፋ ማጥፋት ነው ያስፈራኝ። «አይዞህ፣ ጋሼ» አልኩት። እሺ ያልኩት መሰለው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ቤት ይዞኝ ሄደ። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያች «አይዞህ» ናት።

እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ አልተበተነም። ወሬው ተሰምቷል። ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ በድንጋይ መቀመጫዎች ላይ ተደረደሩ። ወንድሞቼ በአንድ ወገን ቆሙ። እትዬ በሌላው ወገን ብቻቸውን መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ነበር። ቄሱ በጨርቅ የተጠቀለለውን ወንጌልና መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ጨርቁ ቀይ ነበር፤ ጠርዙ ተበልቷል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይኔ ያረፈበት ጨርቁ ላይ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉዳዩን በአጭሩ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ መሬቱ የአባቴ የራሱ መሆኑን፣ ከማንም በአደራ ያልተቀበለው መሆኑን እጄን ወንጌሉ ላይ አድርጌ እንድምል ጠየቁኝ። ያጠናሁትን የምልበት ቀዳዳ አልነበረውም። ቢኖረውም በዚያች ሰዓት ከአፌ የሚወጣ አይመስለኝም። ወንጌሉን አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ከወንጌሉ ይልቅ ከጀርባዬ የቆሙት ሁለቱ ወንድሞቼ ትንፋሽ ያስፈራኝ ነበር። ቄሱ ወንጌሉን ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

«አልምልም» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ሽማግሌው ምን አልሽ አሉኝ። «አልምልም። መሬቱ የእትዬ ነው። አባቴ በአደራ ነው የተቀበላቸው። ሲቀበል እዚያው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።»

ቄሱ ለዚህስ እምል እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት እትዬ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሡ።

«አያስምሏት። ይበቃኛል» አሉ።

ታላቅ ወንድሜ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ፣ በሰዎቹ መሐል አልፎ ሄደ። ታናሹ ግን አጠገቤ ሲደርስ ቆመና፣ ቀስ ብሎ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው፣ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለችንም» አለኝ።

ዕቃዬ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነበር። ሄጄ ለማምጣት ስላልደፈርኩ በለበስኩት ልብስ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። በመንገድ ያገኙኝ ሴቶች ባረኩኝ፤ አንዷ እጄን ልትስም ፈለገች። ይህ ከወንድሜ ቃል አልተናነሰም፤ አስደነገጠኝ። እነሱ የሚያመሰግኑት እግዚአብሔርን ከቤቷና ከወንድሞቿ ያስቀደመችን ሴት ነው። እኔ ግን ከጥቂት ቀን በፊት ከልጄ አልጋ ሥር ምን እንደተደራደርኩ፣ ሐሙስ ምን እንዳጠናሁ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ፈሪዋ እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱን ፍርሃቶች አመዛዝኜ አንዱን መረጥኩ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ነገር ይስተካከላል ብዬ ነበር። አልተስተካከለም። ለፋሲካ የሚጠራኝ አልነበረም። አከራይዋ ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ክፍሉን እንድለቅላቸው ነገሩኝ፤ ለአምስተኛ ጊዜ ዕቃዬን ጫንኩ። ልጄ አጎቶቿ ለምን እንደማይደውሉ ስትጠይቀኝ ሥራ በዝቶባቸው ነው እላለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ፣ ሳይጮኽ ሲውልም እደነግጣለሁ።

በዓመቱ እትዬ ራሳቸው ደብረ ማርቆስ ድረስ መጡ። ደብተሩ ወደ ስማቸው ዞሯል፣ ምትክ ቦታውም ተሰጥቷቸዋል። አዲሲቱ ኪራይ ክፍሌ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን አዩ። ወራሽ እንደሌላቸው፣ ከቦታው ግማሹን ለእኔ ሊሰጡኝ እንዳሰቡ፣ በሕግም በስጦታ እንደሚያዞሩልኝ ነገሩኝ።

«ቤትሽን ሥሪበት። የአባትሽ ነፍስም ደስ ይላታል።»

እሳቸው ሳይጨርሱ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ደጀ ሰላሙ ላይ ቤቱን የተውኩት መስሎኝ ነበር፤ ልቤ ግን ሲጠብቅ ከርሟል። መስኮቱ፣ ኩሽናው፣ ሁሉም እንዳለ ነበር። ይህ ምኞት በእኔ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ሳየው ከዚያ እሑድ ይልቅ ፈራሁ። አስቤ መልስ እልክልዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ያለ ውሸት የመጣ ስጦታ ነው፣ ምን ያስነውራል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ወንድሞቼ ሲሰሙ ይታየኛል። እህታችን እውነት የመሰከረችው ለዚህ ኖሯል ይላሉ፤ ከዚያም በኋላ ያ ምስክርነት የእግዚአብሔር መሆኑ ይቀራል። የእኔ ገበያ ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ደውዬ እንደማልቀበል ነገርኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ሰላም የተሰማኝ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። የተሰማኝ ባዶነት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ አለቀስኩ። በቀጣዩ ሳምንት ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ለቤቱ ማልቀሴንም አልደበቅኩም። አልቅሺለት፣ ግን አታስቀድሚው አሉኝ። እትዬ የቦታውን እኩሌታ ለአንዲት ወላጅ ለሌላት የእህታቸው የልጅ ልጅ እንደሰጡ በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ እሑድ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ለማሕፀን ቀዶ ሕክምና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኛች። ወንድሜ ሌላ የሚያድርበት ስላልነበረው ቤቴ መጣ። በሩን ስከፍት ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ልጄ ሮጣ አቀፈችው፤ በእሷ ምክንያት ገባ። ሦስት ቀን ሲመላለስ ስለ ሕመምተኛዋና ስለ ልጆቹ ብቻ ተነጋገርን።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ከቀዶ ሕክምናው በደኅና መውጣቷን ሰምቶ መጣ። ቁርስ አቀረብኩለት። ሁለት ጊዜ ጎርሶ መብላቱን አቆመ።

«ያን ዕለት ፈርተሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። ፈርቼ ነው።»

ሳህኑን በጣቱ ገፋ አደረገ። «እኔም ልትምይ ስትይ ፈርቼ ነበር» አለ። «ቅዳሴው እስኪያልቅ ላብ ሲያጠምቀኝ ነበር። በሐሰት ትምያለሽ ብዬ። አልምልም ስትይ መጀመሪያ የመጣልኝ እፎይታ ነው። ንዴቱ የመጣው መንገድ ላይ ነው።»

ለምን ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልነገረኝ አልጠየቅኩትም። ታናሹ ዛሬም አይደውልልኝም፤ ወደፊትም መደወሉን እርግጠኛ አይደለሁም። እኔም ዛሬ ድረስ ተከራይ ነኝ። ወንድሜ ቁርሱን ጨረሰ፤ ለሚስቱ የሠራሁትን አጥሚት በፔርሙስ ቀዳሁና በባጃጅ አብረን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።